ጠቡን ስንጠብቅ ፈንግሉ ገባ፦ የአንድ የደሴ ጓሮ የጉዳይ ጥናት

እናቴ ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ባለው ቁልቁለት ሰፈራችን፣ ከ20 ዓመት በላይ ዶሮ አርብታለች። ብዙ አይደሉም፤ ከአሥር አልፈው አያውቁም። ጓሮው ጠባብ ነው። የዶሮ ቤቱ 2 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል ነው፤ ግድግዳው ጣውላ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። እንቁላሉ ለቤት ነው። ከተረፈ ጎረቤት ይገዛዋል።

ከፋሲካ በኋላ አምስት ዶሮ ቀሩን። አራቱ ሁለት ዓመት ተኩል የሞላቸው፣ ቦቫንስ የሚባሉ የፈረንጅ ዶሮዎች ናቸው። አንዷ የሐበሻ። ቦቫንስ በጥሩ መኖና በጥሩ አያያዝ በመጀመሪያው ዓመቷ ወደ 300 እንቁላል ትጥላለች። የእኛዎቹ ያ ጊዜ አልፏቸዋል። አራቱ ተደምረው በቀን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነበር የሚጥሉት። መኖ ግን እንደ ድሮው ይበላሉ። እማዬ "ወጣት ዶሮ ካላስገባን ይሄ ጓሮ ኪሳራ ነው" አለች።

አምስት አዳዲስ ዶሮዎች አስገባን። ከዚያ ወዲህ ባሉት አራት ወራት የሆነውን ነው የምጽፈው። ቀኖቹን ያገኘኋቸው ኩሽና ግድግዳ ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ነው። እማዬ ሁሉንም ነገር እሱ ላይ ትጽፋለች።

መጀመሪያ ምክር ጠየቅን። ሰው ሁሉ የነገረን ስለ ጠብ ብቻ ነው። "አሮጌዎቹ ይገድሏቸዋል፤ ማታ ቆጥ ላይ ጣል አድርጓቸው፣ ሲነጋ አብረው ያደሩ ይመስላቸዋል" አሉን። ዶሮ በጨለማ አታይም፤ ስለዚህ ምክሩ መሠረት አለው። ስለ በሽታ ግን ማንም አላነሳም። እኛም አልጠየቅንም።

ሚያዝያ 22 ኮምቦልቻ ወረድኩ። ከአንድ አሳዳጊ አራት ቄብ ገዛሁ፤ የ3 ወር ቦቫንስ ናቸው። አሳዳጊው የክትባት ካርዳቸውን አሳየኝ፤ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ክትባትም ተመዝግቧል። በካርቶን ጎን ላይ ቀዳዳ በሳሳሁ፣ ውስጡን ጭድ አነጠፍኩበት፣ በሚኒባስ ይዤ ተመለስኩ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ግን የሐረጎን ዳገት ስትወጣ አየሩ ይለወጣል። ኮምቦልቻ ሙቀት ነበር። ደሴ ስንደርስ ጉም ወርዷል። ቄቦቹ ካርቶኑ ውስጥ እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር።

እነሱን ከአሮጌዎቹ ጋር አልቀላቀልናቸውም። ከፊት ለፊት በረንዳው ስር፣ በሽቦ የታጠረ ቦታ ሠራንላቸው። ምክንያታችን ጠብ ነው። ትንንሽ ናቸው፣ ትንሽ ይደጉ ብለን ነው።

በማግስቱ እማዬ ገበያ ሄዳ አንዲት የሐበሻ ዶሮ ይዛ መጣች። ሐሳቧ ጥሩ ነበር። ቦቫንስ እንቁላል ይጥላል እንጂ አይታቀፍም። የእኛዋ የሐበሻ ደግሞ መታቀፍ ከተወች ቆይታለች። እማዬ ከጎረቤት አውራ ያለው እንቁላል ወስዳ የምታስታቅፋት ዶሮ ፈለገች። ዶሮዋን አገላብጠን አየናት። ዓይኗ ንጹህ ነው። አናቷ ላይ ያለችው ሥጋ ደማቅ ቀይ ነች። ከጅራቷ ስር ላባዋን ገልጠን ቅንቅን ፈለግን፤ የለባትም። ደረቷ ሞላ ያለ ነው። ያቺ ዶሮ በዚያ ቀን ቢያዩዋት ማንም "ጤነኛ ነች" ይላል።

"ይቺ የሐበሻ ናት፣ ትችላለች" አለች እማዬ። ማታ አሮጌዎቹ ካንቀላፉ በኋላ የስልኬን መብራት ይዤ፣ እሷ ዶሮዋን አቅፋ፣ ቆጡ ላይ በመጨረሻው ጫፍ አስቀመጥናት። ጠዋት ትንሽ ተናቆሩ። ከሰዓት በኋላ ጸጥ አሉ። ደስ አለን።

ይህን ጉዳይ ባሰብኩት ቁጥር የምመለሰው እዚያች ማታ ላይ ነው። አራቱን ቄቦች ለይተናል። ለይቶ የማቆየትን ጥቅም እናውቃለን ማለት ነው። ግን የለየነው ከጠብ እንጂ ከበሽታ አልነበረም። ስለዚህ ክትባት ያላቸውን፣ ከየት እንደመጡ የምናውቃቸውን ለየን። ከየት እንደመጣች የማናውቃትን፣ ከስንት ሰፈር ዶሮ ጋር በአንድ ገመድ ታስራ እንደዋለች የማናውቃትን፣ በቀጥታ ቤት አስገባናት።

ስድስተኛው ቀን

ሚያዝያ 29 ጠዋት እማዬ መኖ ስትበትን የገበያዋ ዶሮ አልመጣችም። ጥግ ላይ ቆማለች። ላባዋ ቆሟል፣ ክንፏን ጥላለች፣ ዓይኗን ትከድናለች። ኩሷ ውሃ የመሰለ አረንጓዴ ነው። አፏን ከፍታ ስትተነፍስ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይሰማል። በማግስቱ አንገቷ ወደ ጎን ጠመመ። ምግብ ለመልቀም ስትሞክር አፏ መሬት ላይ ካለው ስንዴ አንድ ስንዝር ርቆ ያርፋል። ደጋግማ ትሞክራለች። ደጋግማ ትስታለች። እማዬ እጇ ላይ ስንዴ አድርጋ ወደ አፏ ብታስጠጋላትም አልቻለችም። ግንቦት 1 ሞተች።

ዶሮዋ ከመሞቷ በፊት አንድ ጎረቤታችን መጥተው ነበር። "ወላሂ ልጄ፣ ሳትሞት ትታረድ፣ ገንዘባችሁ ነው" አሉ። ለእኛ አስበው ነው። ብዙ ቤት እንዲሁ ነው የሚደረገው። እማዬ አመነታች። የታመመች ዶሮ ታርዳ ላባዋና ሆድ ዕቃዋ ሲጣል በሽታውን ውሻውም፣ ድመቱም፣ የሌላ ሰው ዶሮም ይዞት ይዞራል። እንዲያ እንደሆነ ያወቅነው በኋላ ነው። ያን ቀን ያልታረደችው እማዬ አንገቷን አይታ ስላዘነች ብቻ ነው።

ግንቦት 4 ከአሮጌዎቹ አንዷ ቦቫንስ ቆመች። እንደዚያችው ክንፏን ጥላ። በማግስቱ ጠዋት ሁለተኛዋ። ያኔ ነው ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ የደወልነው። ወጣት ልጅ ነው፤ በዚያው ቀን መጣ። በር ላይ ቆሞ ጫማው ላይ ላስቲክ አሰረ። እኔ ይህን ሳይ ነው የደነገጥኩት። እኛ ስንት ቀን ሙሉ በአንድ ነጠላ ጫማ ከጓሮ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ጓሮ ስንመላለስ ከርመናል።

"እማማ፣ የሞተችውን መቼ ነው ያመጧት?" አላት።

"ሚያዝያ 23።"

በጣቱ ቆጠረ። "ስድስት ቀን" አለ። የፈንግል በሽታ ዶሮዋ ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ ከ2 እስከ 15 ቀን ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ 5 ወይም 6 ቀን ነው። ስለዚህ ገበያ ላይ ጤነኛ መስላ የታየችን ዶሮ በሽታውን ይዛ ነበር። ላቦራቶሪ አልተላከም። ምልክቱ፣ ቀኑና የሞቱ ፍጥነት ግን ሁሉም ወደ ፈንግል ነው የሚያመለክተው።

"አሮጌዎቹ ክትባት አላቸው እኮ!" አለች እማዬ።

"መቼ የተከተቡት?"

ሲገዙ ነው የተከተቡት። ከሁለት ዓመት በፊት። ከዚያ ወዲህ ምንም። "እማማ፣ እሱ አልቋል" አላት በቀስታ። የፈንግል ክትባት አንዴ ተሰጥቶ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል አይደለም። በረንዳው ስር ያሉት ቄቦች ክትባታቸው ገና ትኩስ ነው። እነሱ አንድም ቀን አልታመሙም። በሽቦው ብቻ አይመስለኝም፤ ጫማችንም ባልዲያችንም አንድ ነበር። ያዳናቸው ያ ካርድ ላይ ያለው ክትባት ነው።

ለታመመችው መድኃኒት የለም። ፈንግል የቫይረስ በሽታ ነው። አንቲባዮቲክ አይነካውም። እስከ ግንቦት 9 ሦስት አሮጌ ዶሮዎች ሞቱብን፤ ሁለት ቦቫንስና ያቺ አሮጌ የሐበሻ ዶሮ። እሷን እማዬ ከጫጩትነቷ ነው ያሳደገቻት። ጉድጓዱን በጥልቀት ቆፍሬ፣ ኖራ ነስንሼ ቀበርኳቸው። እማዬ አጠገቤ ቆማ "የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ" አለች። ሌላ አልተናገረችም።

የሰፈር ክትባት

ባለሙያው ከታመሙት ይልቅ ስለ ጎረቤት ዶሮዎች ነው የተጨነቀው። በሰፈራችን ዶሮ አጥር አታውቅም። የአንዱ ዶሮ የሌላው ጓሮ ውላ ትገባለች።

ችግሩ ክትባቱ በብልቃጥ ነው የሚመጣው። እሱ ያገኘልን ብልቃጥ የ50 ዶሮ ነው። አምስት ዶሮ ያለው ሰው ብቻውን ገዝቶ 45ቱን አይደፋም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ሳያስከትብ ይቀራል። የእኛም ሁለት ዓመት እንዲሁ ነው ያለፈው። ከተከፈተ ደግሞ ለነገ አይቀመጥም።

ስለዚህ እማዬ ግንቦት 6 ቤት ለቤት ዞረች። እውነቱን ነው የተናገረችው። "ከእኔ ቤት ነው የተነሳው፣ በሽታው እንዳይደርስባችሁ" አለች። አንዳንዱ ዝም አለ። የሚበዛው ግን "መቼ ነው? ስንት ብር ነው?" አለ። ማታ ስንደምር ከሰባት ቤት 41 ዶሮ ሆነ። ጤነኞቹ ብቻ ናቸው የተቆጠሩት።

ባለሙያው የዓይን ጠብታውን መረጠ። ቢሾፍቱ የሚመረት፣ ሙቀት ከሌላው ክትባት በተሻለ የሚችል "አይ-ቱ" የሚሉት ነው። ላሶታ የሚባለው ሌላው የፈንግል ክትባት በመጠጥ ውሃ ይሰጣል፤ ግን የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋል፣ ደግሞም የትኛዋ ዶሮ በደንብ እንደጠጣች አይታወቅም። ጠብታ ከሆነ ታያለህ። በማግስቱ ጠዋት ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ ከቤት ቤት ሄድን። እሱ ከእኛ ቤት አልጀመረም። ጤነኛ ሰፈር ቀድሞ፣ የእኛ መጨረሻ። በየበሩ ጫማ ይታጠባል። አንድ ሰው ዶሮዋን ያቅፋል፣ ጭንቅላቷን ጎን ያደርጋል። አንድ ጠብታ ዓይኗ ላይ። ዓይኗን ጨፍና እስክትከፍት ይጠበቃል። ካልተጠበቀ ጠብታው ይፈሳል። ለጫጩቱም ለአውራውም መጠኑ አንድ ነው።

በጎረቤቶቻችን ቤት ከዚያ በኋላ አንድም ዶሮ በፈንግል አልሞተም። ክትባቱ እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ስለዚህ ዕድልም አግዞናል። ግን ጎረቤት በጊዜ መስማቱ ትልቁን ሥራ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ። እማዬ አፍራ ዝም ብትል ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ቤቱን ማጽዳት የእኔ ሥራ ሆነ። አሮጌውን ጉዝጓዝ ጠራርጌ አቃጠልኩ። ጣውላውን በሳሙና አጥቤ፣ ሲደርቅ በረኪና ረጨሁበት። ኩሱ ሳይወጣ በረኪና ቢረጭ ዋጋ የለውም፤ ቆሻሻው ኃይሉን ይበላዋል። ቆጡን አውጥቼ አዲስ እንጨት አስገባሁ። ለጓሮውና ለበረንዳው ሁለት የተለያየ ጫማ፣ ሁለት የተለያየ ባልዲ አደረግን። እጅም መታጠብ ነው፤ የፈንግል ቫይረስ የሰውን ዓይን ሊያቀላ ይችላል። ከዚያ የቀሩትን ሁለት አሮጌ ቦቫንሶች ይዘን አንድ ወር ጠበቅን።

ሽቦው፣ ከዚያ ጠቡ

ሰኔ 10 ቄቦቹ ወደ ጓሮ ተዛወሩ። ግን አልተቀላቀሉም። የዶሮ ቤቱ አጠገብ በወንፊት ሽቦ ከፈልነው። ይተያያሉ፣ አይደራረሱም። መኖውን ሆን ብለን ከሽቦው ግራና ቀኝ አስቀመጥን፤ ጎን ለጎን ቆመው እንዲበሉ።

መኖው ራሱ ጥያቄ ነበር። እንቁላል ለሚጥሉት የሚሰጠው መኖ ካልሲየሙ ብዙ ነው። ገና ያልጀመረች ቄብ እሱን ለረጅም ጊዜ ከበላች ኩላሊቷ ይጎዳል። ስለዚህ ለሁሉም የቄብ መኖ ሰጠን። ለአሮጌዎቹ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት በሌላ ሣህን አስቀመጥን። የፈለገችው ሄዳ ትለቅማለች።

አሥር ቀን እንዲህ ቆዩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቀይዋ አሮጌ ቦቫንስ ሽቦውን እየነከሰች ውላ አደረች። በሰባተኛው ቀን ጀርባዋን ሰጥታቸው አቧራ ውስጥ ትንከባለል ነበር። ይሄኔ ነው ደርሰዋል ያልነው።

ሰኔ 20 ከመምሸቱ አንድ ሰዓት በፊት ሽቦውን አነሳን። ሁለት የመኖ ዕቃ፣ ሁለት የውሃ ዕቃ፣ በተለያየ ጥግ። መሐል ላይ አንድ አሮጌ ጣውላ አቁሜ ከግድግዳ ጋር አስደገፍኩ፤ የተባረረች የምትሸሸግበት እንዲኖር። ጎመን በገመድ አንጠልጥለን የሚሠሩት ነገር ሰጠናቸው። ቆጡን ደግሞ ለእያንዳንዷ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲደርስ አረዘምነው። ከቆጥ ቦታ ጥበት ብዙ ጠብ ይነሳል።

ጠቡ መጣ። ዶሮዎች ማን ማንን እንደሚነቁር ተራ አላቸው። ይህን ተራ እ.ኤ.አ. በ1921 በጽሑፍ ያወጣው የኖርዌዩ ቶርሌፍ ሼልደሩፕ-ኤቤ ነው። አዲስ ዶሮ ሲገባ ተራው እንደገና ይሠራል፤ መናቆሩ የግድ ነው። አራት ቄብ በሁለት አሮጊት ላይ ስለሆኑ ያሸንፋሉ ብዬ ነበር። ሁለቱ አሮጊቶች ግን በአንድ ቀን ሁሉንም ገዙ። ቤቱ የእነሱ ነዋ!

ሦስቱ ቄቦች ሸሸት ብለው ተራቸውን ያዙ። ትንሿን ግን ቀይዋ አልለቀቀቻትም። ከመኖ ታባርራታለች። ከቆጥ ትገፋታለች። በአራተኛው ቀን ትንሿ ከጅራቷ በላይ ቆስላ አገኘኋት። የብር ሳንቲም የምታህል ቦታ ላባው ተነቅሎ ደም ይታያል። ዶሮ ቀይ ካየች ትመለሳለች። ሌሎቹ ቄቦች ራሳቸው መጠቅጠቅ ጀምረው ነበር። አጥቤ፣ ጄንሽያን ቫዮሌት የሚባለውን ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት ቀባኋት። ቁስሉን ያደርቃል፤ ከዚህም በላይ ቀዩን ይሸፍነዋል።

የብዙ ሰው ሐሳብ ትንሿን ለይታችሁ አስቀምጡ ነበር። ባለሙያውን በስልክ ስጠይቀው "ተበዳይዋን ከለየሃት ስትመለስ እንደገና እንግዳ ነች፤ በዳይዋን አውጣት" አለኝ። ቀይዋን በረንዳው ስር ለሦስት ቀን ብቻዋን አስቀመጥናት። ስትመለስ ነገሩ ተቀይሯል። እሷ በሌለችበት ተራው ተሸጋሽጎ ነበር። ሌላኛዋ አሮጊት ቀድማ ነከሰቻት። ቀይዋ ከዚያ በኋላ ትንሿን አንዳንዴ ብቻ ትነካታለች፤ ደም ግን አልወጣም። ከዚህ ሁሉ ጉዳይ በደንብ ሠራ የምለው ምክር ይህ ነው።

ሐምሌ ላይ ክረምቱ ገባ። በአንድ ሌሊት ዝናብ ጉዝጓዙ ራሰ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የአንዷ ቄብ ኩስ ደም ተቀላቀለበት። ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ነው። እርጥብ ጉዝጓዝ ይወዳል። አምፕሮሊየም የሚባለውን መድኃኒት በውሃ ለአምስት ቀን ሰጠን፣ ጣሪያውን ጠገንን፣ ደረቅ ሰጋቱራ አነጠፍን። ዳነች።

የመጀመሪያው እንቁላል ሐምሌ 14 ተገኘ። ትንሽ፣ ቡናማ፣ ቅርፊቱ ላይ የደም ነጠብጣብ ያለው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አራቱ ቄቦች በቀን ሦስት፣ አንዳንዴ አራት እየጣሉ ነው። አሮጊቶቹ ተቀላቅለው ሲረበሹ ጭራሽ አቁመው ነበር፤ አንዷ ጀምራለች። ሞቱብን የምላቸው አራት ናቸው፤ የገበያዋና ሦስት አሮጌዎች። አንዲት ብልቃጥ ክትባት በጊዜዋ ብንጋራና ያቺን ዶሮ ቢያንስ 14 ቀን፣ ቢቻል አንድ ወር ብናቆያት፣ አሮጌዎቹ ሦስቱ ዛሬም ጓሮው ውስጥ ይኖሩ ነበር ብዬ አስባለሁ። ጠብ ያን ሁሉ ጊዜ ጥቂት ላባ ብቻ ነው የነቀለው።

ጳጉሜን 3 አክስቴ ከገጠር ለእንቁጣጣሽ አንዲት ዶሮ ይዘው መጡ። እግሯ በገመድ የታሰረች፣ ወፍራም፣ ዓይኗ ንጹህ። እማዬ ሳመቻቸው፣ አመሰገነቻቸው፣ ቡና እንዲቀርብ ነገረችኝ። ከዚያ ዶሮዋን ተቀበለች። ወደ ጓሮ አልወሰደቻትም። የግቢው በር አጠገብ ቅርጫት ደፋችባት፣ ውሃ አስቀመጠችላት፣ እጇን ታጥባ ኩሽና ገባች። የቀን መቁጠሪያው ላይ ጳጉሜን 3ን አከበበች። እዚያው ገጽ ላይ ከዚህ በፊት የጻፈችው አለ፦ "ጠብታ፣ ሰባቱም ቤት፣ መስከረም 7።"